ዘጠነኛ ክፍል ላይ ፈረንሳይኛ መምረጥ ያዋጣል ወይ?

ወላጅ ከገርጂ፣ መስከረም 7

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ከዚህ ዓመት ጀምሮ ፈረንሳይኛን እንደ ተጨማሪ የውጭ ቋንቋ እንደሚሰጥ ገልጾ፣ ወላጆች እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ምርጫችንን በፊርማ እንድናሳውቅ ቅጽ ልኮልናል። ትምህርቱ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ሲሆን አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ፈረንሳይኛ የማይመርጡ ተማሪዎች በዚያው ሰዓት የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ ይወስዳሉ።

ልጅቷ ፈረንሳይኛውን ትፈልጋለች። አባቷ ደግሞ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ለማይመጣ ትምህርት ሰዓት ማባከን አይገባም ባይ ነው። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ በእንግሊዝኛው ገና በደንብ ሳትደላደል ሌላ የውጭ ቋንቋ ሲጨመርባት ሁለቱም እንዳይደበላለቁባት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማራችሁ ወይም ያስተማራችሁ ሰዎች ካላችሁ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ ተማሪ፣ መስከረም 7

እህቴ፣ እኔ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁ፤ ከ90 በታች ውጤት ያመጣሁበት ወሰነ ትምህርትም አልነበረም። ዛሬ በአእምሮዬ የቀረው ሰላምታውና «ዠ ስዊ፣ ቱ ኤ፣ ኢል ኤ» እያልን በኅብረት የምንዘምረው የግስ እርባታ ብቻ ነው። ፈተናው ባዶ ቦታ ሙላ ስለነበር ባዶ ቦታ መሙላት ተማርን። ባለቤትዎ ትክክል ይመስሉኛል።

ጡረተኛው መምህር፣ መስከረም 8

የተከበሩ እህቴ፣ ለ31 ዓመታት ፈረንሳይኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ምላሼ ወደ አንድ ወገን ሊያጋድል እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁልኝ። ይሁን እንጂ ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን የተናገሩት እውነት ስለሆነ፣ ከእርሱ ብነሣ ይሻላል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። 3 ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ ሲባዛ በሳምንት 2 ሰዓት ይሆናል። በዓሉና የፈተናው ጊዜ ተቀንሶ በዓመት 36 ሳምንት ቢቀር፣ በዓመቱ 72 ሰዓት ያገኛሉ። በአራት ዓመት 288 ሰዓት መሆኑ ነው። ነገር ግን 12ኛ ክፍል ሲደረስ የብሔራዊ ፈተናው ዝግጅት የፈረንሳይኛውን ሰዓት እንደሚወስደው በብዙ ትምህርት ቤት አይቻለሁና፣ 216 ሰዓት ብሎ ማሰቡ ወደ እውነቱ ይቀርባል። የቋንቋው መምህራን ብዙ ጊዜ እንደሚገምቱት፣ ተማሪ ኤ-2 ወደሚባለው ደረጃ ለመድረስ 200 ሰዓት ያህል፣ ቢ-1 ለመድረስ ደግሞ 400 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ልጅዎ ትጉ ብትሆንና መምህሩም ጥሩ ቢሆን፣ ትምህርት ቤቱ ብቻውን ሊያደርሳት የሚችለው ኤ-2 ድረስ ነው። ይህ ማለት ራሷን ታስተዋውቃለች፣ ገበያ ላይ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትላንት የዋለችበትን በቀላል ዐረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ጋዜጣ አታነብም፣ ክርክርም አትከራከርም። በዚህ የሚረካ ወላጅ አይከፋም። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ እንዲናገር የሚጠብቅ ወላጅ ግን ማዘኑ አይቀርም።

እንግሊዝኛው ይደበላለቅባት እንደሆነ ስለ ጠየቁት ጉዳይ ግን የምለው ሌላ ነው፤ ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ሳስብበት ኖሬያለሁ። የሚያደበላልቀው ፈረንሳይኛው ሳይሆን ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛ በኩል ማስተማራችን ነው። የምንጠቀምባቸው መጻሕፍት ማብራሪያቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛም የተማርነው በዚያው መንገድ ነው፣ ስለዚህ ልጁን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ እንወስደዋለን። ድሬዳዋ ለመድረስ በጎንደር በኩል እንደ መዞር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በፈረንሳይኛ «እናገራለሁ» ሲባል «ዠ ፓርል» ነው። «አልናገርም» ለማለት «ዠ ን ፓርል ፓ» ይባላል። ግሱ ከፊቱ «ን»፣ ከኋላው «ፓ» ተደርጎለት በሁለት በኩል ታቅፏል። ይህን በእንግሊዝኛ ሲያስረዱት ልጁ ግራ ይጋባል፤ እንግሊዝኛ አፍራሹን በአንድ በኩል ብቻ ያደርጋልና ሁለተኛው ቃል ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም፤ በየደብተሩም «ፓ» እየተረሳ ይቀራል። እኔ አንድ ቀን የደከመኝ ዕለት ሰሌዳው ላይ «አልናገርም» ብዬ ጻፍሁና «አል»ንና «ም»ን በቀይ ጠመኔ አከበብኋቸው። ምንም አልጨመርሁም። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «እንዴ፣ የኛው አይደል እንዴ!» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ «ፓ» የረሳ ተማሪ ጥቂት ነው።

ሌላም አለ። ፈረንሳይኛ «ላቬ» ሲል አጠበ ማለት ነው፤ «ስ ላቬ» ሲል ታጠበ። «ራዜ» ላጨ፣ «ስ ራዜ» ተላጨ። ያቺ «ስ» የምትሠራው ሥራ የእኛ «ተ» የምትሠራውን ነው። ይህን በእንግሊዝኛ «ራሱን አጠበ» እያሉ ማስረዳት የአማርኛ ተናጋሪውን ልጅ በማያስፈልገው ድካም ውስጥ ማስገባት ነው።

የሆቴል ሠራተኛ፣ መስከረም 8

መምህር፣ ስለ ሰዓቱ ያሉት ልክ ነው። እኔ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ክፍል እሠራለሁ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በሚካሄድባቸው ቀናት ከምናስተናግዳቸው እንግዶች ውስጥ ብዙዎቹ ከምዕራብና ከማዕከላዊ አፍሪካ የሚመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤት በተማርኳት ፈረንሳይኛ ተማምኜ ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንግዳ ስልክ ቁጥራቸውን እንድመዘግብ ሲነግሩኝ የሆነውን ላጫውታችሁ።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስልክ ቁጥር የሚናገሩት አንድ በአንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት አሃዝ እያጣመሩ ነው። ችግሩ ከ70 በላይ ነው። 72 «ሱዋሳንት ዱዝ» ይባላል፤ ስድሳ አሥራ ሁለት ማለት ነው። 80 «ካትር ቫን» ነው፤ አራት ሃያ። 95 ደግሞ «ካትር ቫን ካንዝ»፣ ማለትም አራት ሃያ አሥራ አምስት። እንግዳው ሦስቱንም የያዘ ቁጥር ነበራቸው። እኔ የሰማሁትን ሁሉ በታማኝነት እየጻፍሁ 72ን 60 12፣ 95ን 4 20 15፣ 80ን 4 20 ብዬ መዘገብሁ። አሥር አሃዝ መሆን የነበረበት ቁጥር 16 አሃዝ ሆኖ ከመስመሩ ወጣ። እንግዳው መዝገቡን ገልብጠው አዩና እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያም እስክሪብቶዬን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉት።

በትምህርት ቤት እስከ መቶ መቁጠርን አጥንቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ግን በቅደም ተከተል ነበር፤ 71 ካሉ በኋላ 72 እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። አንድም ቀን መምህሩ ቁጥሮችን እየዘባረቀ ጠርቶልን ጽፈን አናውቅም። ለእህታችን የምመክረው፣ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ትምህርት ቤቱ የማዳመጥና የመናገር ፈተና ይሰጥ እንደሆነ እንዲጠይቁ ነው። የማይሰጥ ከሆነ ፊዚክሱ ይሻላል።

የድሬ ልጅ፣ መስከረም 9

ወገኖቼ፣ ፈረንሳይኛን እንደ እንግዳ ነገር አድርጋችሁ ስትነጋገሩበት ሳይ ትንሽ ገረመኝና ልጽፍ ወደድሁ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ሲከፈት ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከሉ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝም በአዲስ አበባ የተቋቋመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1907 ነው። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እኛ ዘንድ ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ኩባንያው የፈረንሳዮች ስለነበር የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የተማረ ሰው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ፈረንሳይኛ የተማረው ነበር። በትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው በ1941 ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ያ ዘመን ያለፈ ቢሆንም ቃሉ አፋችን ውስጥ ቀርቷል፦ ቢሮ፣ ዶሴ፣ ሾፌር፣ ጋራዥ። ለገሃርም ቢሆን «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያው።

አባቴ በባቡሩ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት የሠራ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ፈረንሳይኛ ባይማርም የመፍቻዎቹንና የመለዋወጫዎቹን ስም ሁሉ የሚጠራው በፈረንሳይኛ ነበር። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት ተማርኩትና ሰዋስዉን ከእሱ የበለጠ አወቅሁ። ከጅቡቲ ዘመድ ሲመጣ ግን የሚያወራው እሱ ነበር፤ እኔ ግሱ በየትኛው ጊዜ እንደሚረባ እያሰላሁ ወሬው ያልፈኝ ነበር።

መምህር ስለ አማርኛው የጻፉት ነገር አንድ የቆየ ሐፍረት አስታወሰኝ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ከጅቡቲ አንዲት አሮጊት የአባቴ ዘመድ ቤታችን መጡ። እኔም ፈረንሳይኛዬን ላሳይ ብዬ ፊታቸው ቆሜ «እንደምን ነሽ» ማለቴ ነበር። በመጽሐፋችን ውስጥ ያሉት ንግግሮች ሁሉ በተማሪዎች መካከል የሚደረጉ ስለነበሩ የማውቀው «ቱ» ማለትን ብቻ ነው። አሮጊቷ ወደ አባቴ ዞር ብለው «ይህ ልጅ በአማርኛም እንዲህ ነው?» አሉት። በአማርኛማ «አንቺ» ልላቸው ቀርቶ ስማቸውንም አልጠራ። «ቩ» እርስዎም እናንተም ማለት መሆኑን፣ «ቱ» አንተና አንቺ መሆኑን መምህሬ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ በአንዲት ደቂቃ ይገባኝ ነበር፤ እሱ ግን ሁለቱም በእንግሊዝኛ አንድ ናቸው ብሎ አለፈው።

ከኦታዋ፣ መስከረም 10

ልጆቼን በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የማሳድግ እናት ነኝ። እዚህ ፈረንሳይኛ ከአገሩ መንግሥት ሁለት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ግዴታ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለማግኘትም ቢያንስ አንድ የፈረንሳይኛ ኮርስ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹም በዘጠነኛ ክፍል ይወስዱታል። በዚህ በመደበኛው መንገድ ተማሪው እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ 600 ሰዓት እንዲማር ይጠበቃል። ሌላው መንገድ፣ ኢመርዥን የሚባለው፣ ሒሳቡንም ታሪኩንም በፈረንሳይኛ የሚማሩበት ሲሆን እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢያንስ 3800 ሰዓት ይጠይቃል።

የመጀመሪያ ልጄን በመደበኛው አስገባሁት፤ ነገሩን አላወቅሁም ነበር። ሁለተኛዋን በኢመርዥን። ወንዙን ተሻግረን ወደ ጋቲኖ ስንሄድ፣ ያ ማለት ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት ወደ ኬቤክ ክፍለ ሀገር ማለት ነው፣ ልጅቷ ምግብ ታዝዛለች፤ ወንድሟ 600 ሰዓት ተምሮ ከኋላዋ ቆሞ «ለእኔም ንገሪልኝ» ይላታል። ስለዚህ መምህሩ ያቀረቡትን 216 ሰዓት ሳይ የታሰበኝ ልጄ ነው። ያም ሆኖ ልጁ አልከሰረም። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ በራሱ ፍላጎት በበጋ ሦስት ሳምንት ኬቤክ ሄዶ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ኖረና ተመለሰ፤ እነዚያ 600 ሰዓታት ተኝተው የቆዩ ይመስል በአንድ ጊዜ ተነሡ። ከምንም የሚጀምር ልጅ በሦስት ሳምንት እንዲያ ሊናገር አይችልም ነበር።

በሥራ ላይ ያለ መምህር፣ መስከረም 11

ከታላቅ አክብሮት ጋር ከጡረተኛው መምህራችን አሳብ በከፊል እለያለሁ። እኔም ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ተሰጥቶኝ፣ ከእርሷ ላይ ለአማርኛ ማብራሪያ ቆርጬ ካወጣሁ ተማሪው ፈረንሳይኛ የሚሰማው መቼ ነው? ከክፍሌ ሲወጣ ፈረንሳይኛ የሚሰማበት ቦታ የለውም። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፈረንሳይኛ ብቻ አናግራቸዋለሁ፤ ባይገባቸው በእጄ፣ በሥዕል፣ በፊቴ እረዳቸዋለሁ። እንግሊዝኛውም አማርኛውም በር ላይ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ስጋቴ አማርኛው የሚያሳስት መሆኑ ነው። ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያደርግ ልጅ፣ ቅጽሉን ከስሙ በፊት የሚያስቀድም ልጅ፣ «እኔ» የሚለውን እየዋጠ «ፓርል» ብቻ የሚል ልጅ በየዓመቱ አገኛለሁ። እነዚህ ሁሉ ከአማርኛ የመጡ ስሕተቶች ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፣ መስከረም 12

ወንድሜ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ በተለይ ስለ ሰዓቱ ያነሡት ይከብዳል። እኔም በአማርኛ አስተምሩ አላልሁም፤ ይህን ባለማጥራቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። የምለው አምስት ደቂቃ ነው፤ ቀይ ጠመኔና ሁለት ክብ። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ አምስት ደቂቃ የፈረንሳይኛ ይሁን። እርስዎ በእጅዎና በፊትዎ የሚያስረዱት ነገር ዳቦና ወንበር ሲሆን ይሠራል፤ «ስ ላቬ»ን በእጅ ሲያስረዱ ግን ተማሪው በልቡ «ታጠበ» ማለቱ አይቀርም። በር ላይ ያስቀሩት አማርኛ በመስኮት ገብቷል ማለት ነው። የማይቀር ከሆነ ብንጠራው ይሻላል።

አማርኛ ያሳስታል ላሉትም እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከጠቀሷቸው የሚብሰውን ልጨምርልዎ። ጾታ ነው። የእኛ ተማሪ ተባዕትና አንስት የሚባል ነገር በቋንቋው ስላለው ይህን ቀላል ይመስለዋል፤ እኛም ቀላል መስሎን እናልፈዋለን። ነገር ግን በአማርኛ የዕቃ ጾታ እንደ ተናጋሪው ስሜትና እንደ ዕቃው መጠን ይለዋወጣል። አንዱኑ ማሰሮ ስንወደው ወይም ሲያንስብን «እሷን አምጪልኝ» እንላለን፤ ሲገዝፍ «እሱን ግፋው»። ፈረንሳይኛ ይህን አይፈቅድም። ጠረጴዛ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ተወደደም ተጠላም «ላ ታብል» ነው፤ ሁልጊዜ አንስት። መጽሐፍ «ለ ሊቭር» ነው፤ ሁልጊዜ ተባዕት። ስለዚህ ስሙን ብቻውን የጻፈ ተማሪ ምንም እንዳልጻፈ እቆጥርበት ነበር፤ «ላ» ወይም «ለ» ሳይጨመርበት ቃል ደብተር ውስጥ አይገባም።

«እኔ»ን የሚውጠውን ልጅ ግን አይቆጡት፤ ምክንያቱን ይንገሩት። በአማርኛ «እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል፣ ይናገራሉ» ስንል ማን እንደሚናገር ግሱ ራሱ ይናገራል። በፈረንሳይኛ አራቱም በጆሮ ሲሰሙ «ፓርል» ናቸው፤ በጽሑፍ ሦስት ዓይነት መጨረሻ ቢኖራቸውም አንዱም አይነበብም። ተውላጠ ስሙ ከወደቀ ተናጋሪው ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ልጁ ራሱ ይስቃል፤ እንደገናም አይውጠውም።

ስለ ንባቡም አንድ ነገር ልበል፤ ለእናቲቱ ይጠቅማል። የእኛ ልጆች ከፊደል ገበታ የመጡ ናቸው፤ የተጻፈ ሁሉ የሚነበብ ይመስላቸዋል። ፈረንሳይኛ ውስጥ ውሃ ለማለት ሦስት ፊደል ተደርድሮ «ኦ» ብቻ ይባላል። ወፍ ስድስት ፊደል ተጽፎ «ዋዞ» ተብሎ ይነበባል፣ ከስድስቱም አንዱ እንኳ በራሱ ድምፅ አይሰማም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጅቷ ብትናደድ አይግረምዎ። በሌላ በኩል ድምፁ ላይ ብዙ ሀብት ይዛ ነው የምትገባው፤ «ዥ»ንም «ኝ»ንም ከቤቷ ይዛቸው መጥታለች። የሚያስቸግራት ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ ምላስን ለ«ኢ» ማዘጋጀት የሚጠይቀው ድምፅና በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ናቸው። መስታወት ፊት ትለማመድ።

የቀድሞ ተማሪ፣ መስከረም 12

መምህር፣ ያንን ቀይ ጠመኔ እኔም ክፍል ውስጥ ባየሁት ኖሮ። አሳቤን ሙሉ በሙሉ ባልለውጥም፣ መጀመሪያ የጻፍሁት ስለ ቋንቋው ሳይሆን ስለ ተማርሁበት መንገድ መሆኑን ተረድቻለሁ።

አንድ አባት፣ መስከረም 13

ከፈረንሳይኛ ይልቅ ዐረብኛ ወይም ቻይንኛ አይሻልም ወይ? የወገኖቻችን ሥራ ያለው ባሕረ ሰላጤው አገር ነው፤ ፋብሪካውም የቻይና ነው።

የድሬ ልጅ፣ መስከረም 13

ወንድሜ፣ ሊሻል ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ያቀረበላቸው ምርጫ ፈረንሳይኛ ወይም ፊዚክስ ነው።

ወላጅ ከገርጂ፣ መስከረም 14

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ። የማዳመጥ ፈተና አለ፤ የመናገር ፈተና ግን በክፍሉ ብዛት ምክንያት በሴሚስተር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ምን እንደሚሆን ስጠይቅ «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ አገኘሁ። ርእሰ መምህሩ ዴልፍ የሚባል ፈተና መኖሩን ነገሩኝ፤ ምንነቱን የሚያስረዳኝ አለ? ባለቤቴን የሚያሳምነው በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው።

በሥራ ላይ ያለ መምህር፣ መስከረም 14

ዴልፍ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የፈረንሳይኛ ችሎታ ማስረጃ ነው። ኤ-1፣ ኤ-2፣ ቢ-1 እና ቢ-2 የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ከእነዚያ በላይ ያሉት ሁለቱ ዳልፍ ይባላሉ። አንዱ ደረጃ ከሌላው የተለየ ፈተና ስለሆነ ታችኛውን ሳይወስዱ ላይኛውን መፈተን ይቻላል። ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ተብሎ በአራት የተከፈለ ሲሆን ለእያንዳንዱ 25 ነጥብ አለው። ለማለፍ ከ100 ውስጥ 50 ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ በአንዱ ክፍል ከ5 በታች ያገኘ ሰው ድምሩ ምንም ቢሆን ይወድቃል። የወላጆችን ትኩረት የምስበው እዚህ ላይ ነው፦ ባዶ ቦታ በመሙላት ብቻ የሚታለፍ ፈተና አይደለም። ለታዳጊዎች የተዘጋጀ ዓይነትም አለው፤ ርእሰ ጉዳዮቹ ለዕድሜያቸው የተመረጡ ናቸው እንጂ ማስረጃው ያው ነው። ጊዜውም አያልፍበትም።

ለባለቤትዎ እውነቱን ለመናገር፣ ኤ-2 ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። በፈረንሳይ በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ቢ-2 ነው። ልጅቷ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ኤ-2 ይዛ ብትጨርስ፣ 12ኛ ክፍል ላይ ሰዓቱ ቢወሰድባት እንኳ የደረሰችበት ቦታ በወረቀት ላይ ይቀመጥላታል፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከዚያው ትቀጥላለች።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ መስከረም 15

በታላላቆቼ መካከል ስለገባሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስተኛ ዓመቴን ፈረንሳይኛ እየተማርሁ ነው፤ አለመደባለቁን ልመሰክር ነው የመጣሁት። በእርግጥ አንድ ጊዜ ተደባልቆብኝ ያውቃል፤ «15 ዓመቴ ነው» ለማለት የእንግሊዝኛውን ተከትዬ «ዠ ስዊ»፣ ማለትም «ነኝ»፣ ብዬ ጀመርሁና መምህሯ «አስራ አምስት ዓመት ነህ?» ብላ ሳቀችብኝ። በፈረንሳይኛ «15 ዓመት አለኝ» ነው የሚባለው። ረሃብም ጥማትም እንዲሁ «አለኝ» ነው። «ራስ ምታት አለብኝ» እንደምንለው ማለት ነው ብዬ ለራሴ ከያዝሁት በኋላ ተሳስቼ አላውቅም። መምህር የጻፉትን ሳነብ ይህን በራሴ ያገኘሁት መሆኑ ደስ አሰኘኝ።

የማይገባኝ ነገር ግን አለ። በምናየው ፊልም ውስጥ ፈረንሳዮቹ «ን»ን ሲሉ አልሰማም፤ «ፓ» ብቻ ነው የሚሉት። እኛ ግን ፈተና ላይ ካልጻፍነው ነጥብ ይቀነስብናል።

ጡረተኛው መምህር፣ መስከረም 15

ልጄ፣ ጆሮህ ትክክል ሰምቷል። በንግግር «ን»ን ይጥሏታል፤ በጽሑፍና ጠንቀቅ ብለው ሲናገሩ ይመልሷታል። እኛም ብንሆን «አልሄድሁም» ስንል «ም» አለች፤ «ስላልሄድሁ» ስንል ግን የለችም፣ ማንም አልነገረንም፣ ሳናስበው እንጥላታለን። አንተ ለጊዜው ጻፋት። ስትናገር ብትወድቅብህ ማንም አይቀየምህም።

ወላጅ ከገርጂ፣ ኅዳር 20

ወደዚህ የተመለስሁት የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረቱ ስላልተመቸኝ ነው። ቅጹን በመጨረሻው ቀን ፈርመን ሰጠን። ባለቤቴ የጠየቀው የፊዚክሱ ማጠናከሪያ ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወር ነበር፤ ልጅቷ እያጉረመረመች ተስማማች። የአሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ዴልፍ ኤ-2ን ልትፈተን በወረቀት ጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል።

በደብተሯ ስሙን ሁሉ ከ«ላ»ና ከ«ለ» ጋር ትጽፋለች፤ አንስቱን በአረንጓዴ፣ ተባዕቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ። ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ እንዲሁ በወረቀት ለጥፋበት እናቴ ልትጠይቀን መጥታ «ማቀዝቀዣው ምን ሆኖ ነው ስም የወጣለት?» አለች። አባቷ ደግሞ የሆቴል ሠራተኛውን ታሪክ ካነበበ ወዲህ በየማታው ከራት በኋላ የራሱን ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ በፈረንሳይኛ እንድትነግረው ይጠይቃታል፤ የመጨረሻው 97 ስለሆነ እስካሁን አንድም ቀን ሳይሳሳቁ ጨርሰውት አያውቁም።